ጎጂም ጠቃሚም የሆነው ክር

የሚከተለው ምንባብ የገላጭ ድርሰት ምሳሌ ነው። ጸሐፊው ረቂቁን ነገር በሚታወቀው ነገር እየመሰለ እንዴት እንዳብራራ እየተከታተላችሁ በጥሞና አንብቡት።

እሳት በምድጃ ውስጥ ሳለ ወጥ ያበስላል፤ ከምድጃው አልፎ የጎጆውን ክዳን ሲይዝ ግን ቤቱን ያወድማል። እሳቱ ያው እሳት ነው፤ ልዩነቱን ያመጡት ቦታውና ጥበቃው ናቸው። በሕያዋን አካል ውስጥ የሚገኘው አሚሎይድ የተባለው የፕሮቲን ክርም እንዲሁ ነው።

ፕሮቲን አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ ተሰክተው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት መሆኑን በሥነ ሕይወት ትምህርት ሳትማሩ አልቀራችሁም። በአሚሎይድ ውስጥ የአያሌ ፕሮቲኖች ሰንሰለቶች አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራሉ። ክሩን ረጅም መሰላል ነው ብላችሁ ብታስቡ፣ ሰንሰለቶቹ የተጋደሙት መወጣጫዎች ናቸው። አንድ ሚሊሜትር ለአንድ ሚሊዮን ቢከፈል፣ በሁለት መወጣጫዎች መካከል ያለው ርቀት የአንዱን ክፍል ግማሽ ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ተቀራርበው ስለሚያያዙ ክሩ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ፕሮቲን የሚያፈርሱ ኤንዛይሞችም በቀላሉ አይበግሩትም።

አሚሎይድ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1854 ዓ.ም. ወደ ሕክምና ያስገባው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኾ ነው። በሰው አንጎል ውስጥ ያያቸው ጥቃቅን አካላት በአዮዲን ሲነኩ እንደ ስታርች ቀለማቸውን ስለ ለወጡ «ስታርች መሰል» አላቸው። ዛሬ አሚሎይድ የምንለው ነገር ስታርች ሳይሆን ፕሮቲን መሆኑ በኋላ ቢታወቅም ስሙ ጸንቶ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1906 ዓ.ም. አሎይስ አልትስሃይመር የማስታወስ ችሎታዋን አጥታ በሞተች ሴት አንጎል ውስጥ ያየውን ክምችት ለሐኪሞች ገለጠ። ከዚህ ክምችት አንዱ ዓይነት አሚሎይድ መሆኑ ከጊዜ በኋላ ተረጋገጠ። ስለዚህም አሚሎይድ ለረጅም ዘመን የበሽታ ምልክት ብቻ ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ማቲው ቻፕማን፣ ስኮት ኸልትግሬንና ባልደረቦቻቸው ሌላ ነገር አሳዩ። ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ከአካሉ ውጭ የሚዘረጋቸው ከርሊ የተባሉ ክሮች አሚሎይድ ናቸው። ባክቴሪያው በነዚህ ክሮች ከመሰሎቹና ከሚያርፍበት ነገር ጋር ይጣበቃል። ክሩ በስሕተት የተፈጠረ አይደለም፤ ባክቴሪያው በሥርዓት ይሠራዋል። የክሩን ፕሮቲን ሳይታጠፍ በሽፋኑ ላይ ባለች ቀዳዳ ያስወጣዋል። በውጭ የሚቆየው ሌላ ፕሮቲን የክሩን መጀመሪያ ያስይዛል፤ ሦስተኛው ደግሞ ክሩ ያለ ጊዜው በውስጥ እንዳይሠራ ይከላከላል። ምድጃውና እሳት ጠባቂው እነዚህ ናቸው ማለት ይቻላል።

በእኛም አካል ጠቃሚ አሚሎይድ አለ። ለቆዳችንና ለጠጕራችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን በሚሠራበት ስፍራ እንደ መደገፊያ የሚያገለግለው ክር አሚሎይድ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ተገልጿል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የፍራፍሬ ዝንብ ነገር ነው። ዝንቧ የተማረችውን ለረጅም ጊዜ እንድታስታውስ ኦርብ 2 የተባለ ፕሮቲን ያስፈልጋታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ይህን ፕሮቲን ከዝንቦች አንጎል አውጥተው፣ በብርቱ ቅዝቃዜ አድርቀው ሳይሆን አቀዝቅዘው፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቅርጹን ሲመረምሩ አሚሎይድ ሆኖ አገኙት። በአንዱ አንጎል ከመርሳት ጋር የተያያዘው የክር ዓይነት በሌላው የትዝታ መጠበቂያ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ የአንድ ነገር ቅርጽ ብቻውን ጎጂ ወይም ጠቃሚ አያሰኘውም። የት፣ መቼና በማን ቍጥጥር እንደሚሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። ተመራማሪዎች የጠቃሚውን ክር ጠባቂዎች የሚያጠኑትም ጎጂውን መግታት የሚቻልበትን መንገድ ከነሱ ለመማር ነው።

መልመጃ

1. አሚሎይድ ከእሳት ጋር የተመሳሰለው በምን ምክንያት ነው?
2. «ይሁን እንጂ» የሚለው አያያዥ በምንባቡ ውስጥ የትኞቹን ሁለት አሳቦች ያነጻጽራል?
3. «አይበግሩትም» እና «ጸንቶ» የሚሉትን ቃላት እንደ አገባባቸው ፍቱ።
4. በአካባቢያችሁ ካሉት ነገሮች እንደ አያያዙ የሚጠቅም ወይም የሚጎዳ አንዱን መርጣችሁ ባለ ሦስት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።