ሳያርሱ የሚያጭዱት የመንዝ ሀብት

የገበያ ነገር ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ታርሶ፣ ተዘርቶና ተወቅቶ ለሽያጭ የቀረበ ምርት ነው። በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ግን ማንም ያልዘራው፣ ማንም ያላረመው፣ ሆኖም ለዘመናት ሲጠበቅና ሲታጨድ የኖረ ሀብት አለ። እርሱም የጓሳ ሣር ነው። ሣሩና የሚበቅልበት ሥፍራ የሚጠሩት በአንድ ስም ነው።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ውርጫም ደጋ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለመኝታ ጉዝጓዝና እረኞች ከዝናብ ለሚከለሉበት ገሳ ያገለግላል። ሥፍራው በተጨማሪ የግጦሽና የማገዶ ምንጭ ነው።

እንዲህ ያለ ባለቤቱ ብዙ የሆነ ሀብት ቶሎ እንደሚያልቅ ጋሬት ሃርዲን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በ1968 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። አስተሳሰቡ ግልጽ ነው፤ «እኔ ብተወው ሌላው ያጭደዋል» የሚል ሁሉ ሣሩ ሳይደርስ ማጭዱን ይስላል። ይሁንና ጓሳ ይህን ስሌት ሲያከሽፍ ኖሯል።

ምስጢሩ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደኖረ የሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት ነው። አቅኚ አባቶች ናቸው የሚባሉት የአስቦና የጌራ ዘሮች ሥፍራውን በየፊናቸው በአባ ቄራ እያስተዳደሩ፣ ሣሩ እስኪደርስ ከ3 እስከ 5 ዓመት ዘግተው ያቆዩት ነበር። ሲደርስ በበጋው እኩሌታ ይከፈታል። በቅድሚያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ቀጥሎ ከብት ይገባል፤ ማገዶ ለቃሚም ተራውን ይጠብቃል። ክረምቱ ሲጠና፣ ሐምሌ 5 ቀን የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ተመልሶ ይዘጋል። ሕጉን ለጣሰ ቅጣቱ ቤት እስከ ማቃጠል ይደርስ እንደነበር ይነገራል።

በምጣኔ ሀብት ቋንቋ ይህ ቁጠባ ነው። ዛሬ ያልታጨደው ነዶ ከሦስት ዓመት በኋላ ረዝሞና በዝቶ ይገኛል። ቁጠባ ግን የሚጸናው ጎረቤትም እንደሚቆጥብ ሲታመን ብቻ ነው። አባ ቄራው ለገበሬው የሚሰጠው ትልቁ አገልግሎት ይህ እምነት ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኤሊኖር ኦስትሮም በዓለም ዙሪያ ያጠኑትም እንዲህ ያለውን፣ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ያወጡትንና የሚያስከብሩትን ሥርዓት ነበር።

የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የዘር ባለመብትነትን ሲሽር የቄሮ ሥርዓትም አብሮ ፈረሰ። የገበሬ ማኅበራት ጥበቃውን ቢረከቡም የአባ ቄራውን ያህል አልተፈሩም። አዋጁ በሌላ በኩል ከአስቦና ከጌራ ዘር ላልተወለደው በር ከፍቷል። ከደርግ ውድቀት በኋላ ነዋሪው በመረጠው ኮሚቴ ጥበቃውን መልሶ አደራጅቷል፤ የጎብኚዎች ማረፊያም ተሠርቷል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚመጣ እንግዳ አዲስ የገቢ ምንጭ ሆኗል።

ለሥርዓቱ አሁን ያለው ፈተና ከገበያው በኩል ይመጣል። የቆርቆሮ ክዳን በየመንደሩ ሲስፋፋ የክዳን ሣር ፈላጊ ይቀንሳል። የፕላስቲክ ገመድና ሸራም የሣሩን ገመድና ገሳ ይተካሉ። ሣሩ ሲረክስ መጠበቁ አያዋጣም የሚለው ይበረክታል፤ መሬት ያጣው ወጣትም ደጋውን በገብስ ማሳ ዓይን ያየዋል። የጎብኚ ገቢ ደግሞ መንገድ ሰላም ሲሆን የሚገኝ ነው።

በመሆኑም የጓሳ ዕድል የሚወሰነው አንድ ነዶ ሣር ገበያ በሚያወጣው ዋጋ ብቻ ከሆነ ያሰጋል። ምንጮቹ ከዚሁ ደጋ ይፈልቃሉ፤ ድርቅ በመታ ዘመንም የመንዝ ከብት የሚሸሸው ወደዚሁ ነው። ይህንን ጥቅም ሚዛን ላይ አውጥቶ የሚገዛ ነጋዴ የለም። ዋጋውን የሚያውቀው የዘጋው ሕዝብ ነውና፣ ለመጠበቁ የሚደክመው ገበሬ ከሚገኘው ገቢ ድርሻው በእጁ መግባት ይኖርበታል።