የጤና መመሪያን በወረቀት ስለ መያዝ

በወረርሽኝ ጊዜ አብዛኛው ሰው መረጃ የሚፈልገው ከእጅ ስልኩ ነው። መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቋረጥ ግን ስልኩ አያገለግልም፤ ሕመምም መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም። ስለዚህ ዋና ዋና መመሪያዎችን አትሞ ወይም በእጅ ጽፎ በቤት ማኖር ይገባል።

በተለይ ልክ ያለው ነገር በቃል ብቻ ሊያዝ አይገባም። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) ካልተገኘ፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ ይሰጣል። በድንጋጤ የሁለቱ ልክ ቢለዋወጥ የጨው ብዛት ሕፃኑን ለከፋ አደጋ ያጋልጠዋል። የበረኪናም ልክ እንዲሁ ነው፦ ጥንካሬው 5 በመቶ ከሆነ፣ በሽተኛው የነካካውን ዕቃ ለማጽዳት 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ ይቀላቀላል።

ወረቀቱ በጉልህ ፊደል ተጽፎ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ልጆችም ሊያዩት በሚችሉበት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከቤት ካርታ ጋር በሣጥን የተቆለፈ መመሪያ በሌሊት አይገኝም። የተጻፈበት ቀንም ይመዝገብበት። በኮቪድ-19 መጀመሪያ ጤነኛ ሰው ሁሉ ጭምብል እንዲያደርግ አይመከርም ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ምክሩን የለወጠው በግንቦት 2012 ዓ.ም. ነው። አዲስ መመሪያ ሲወጣ አሮጌው ይነሣ።