የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ ነጋዴ፤ ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው

በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ፤ መኪና ከውጭ ለማስመጣት ለሚያስብ ነጋዴ ጥያቄው «ኤሌክትሪክ ወይስ ነዳጅ?» መሆኑ ቀርቶ «ከኤሌክትሪኮቹ የትኛው?» ሆኗል። በገበያችን አብዝቶ የሚታየውም ከተራው የቤት አውቶሞቢል ከፍ ያለው፤ ክሮስኦቨር የሚባለው ዓይነት ነው። ዋጋው ለብዙዎቻችን የአንድ ሱቅ መነሻ ካፒታል ያህል ስለ ሆነ፤ ስለ ቀለሙ ከመነጋገር በፊት የዕለት ተዕለት ጠባዩን መመርመር ይገባል።

እኔ በጸሐፊነት የማገለግልበት የንግድ ቤት ባለቤት እንዲህ ያለውን መኪና ለመግዛት ባሰቡ ጊዜ፤ የየሻጩን ወረቀት እያነበቡ ማስታወሻ የማዘጋጀት ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ወረቀቶቹ ሁሉ ስለ ፍጥነት ይናገራሉ፤ ስለ ኃይል መሙያው ቀዳዳ ግን የሚናገር አላገኘሁም። ለቻይና ገበያ የተሠራው መኪና ጂቢቲ የሚባለውን ደንብ የሚከተል ሲሆን፤ ለዝግታውና ለፈጣኑ መሙያ ሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች አሉት። ለአውሮጳ የተሠራው ደግሞ ሲሲኤስ ሁለት የሚባል አንድ ወጥ ቀዳዳ አለው። አንዱን ሻጭ ስለዚህ ብጠይቀው «ሁሉም አንድ ነው» አለኝ፤ አንድ አይደለም። ስለዚህ ገዢው በሚመላለስበት መንገድ ላይ ያሉት መሙያዎች የትኛው ዓይነት እንደ ሆኑ አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ ማገናኛም የሚያስፈልግ ከሆነ በሽያጩ ውል ላይ ያስጽፍ።

በቤት ስለሚደረገው ሙሌት ሒሳቡ ቀላል ነው። ተራው ሶኬት በ220 ቮልትና በ10 አምፔር 2.2 ኪሎ ዋት ይሰጣል፤ በ10 ሰዓት ሌሊት 22 ኪሎ ዋት ሰዓት መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ከ16 እስከ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሚፈጅ፤ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ከመርካቶ ቦሌ፤ ከቦሌ ቃሊቲ ለሚመላለስ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነው። ከዚህ የበለጠ ለሚፈልግ በ32 አምፔር 7 ኪሎ ዋት የሚሰጥ የግድግዳ መሙያ አለ። ይሁን እንጂ ቤቱ የመሬት ሽቦ ከሌለው ብዙዎቹ መሙያዎች ሥራ እንቢ ይላሉና፤ ከመኪናው ሻጭ በፊት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጠራ።

አገራችን ለዚህ መኪና ሳትመች አትቀርም። በአዲስ አበባ ከፍታ የነዳጅ ሞተር አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ የኤሌክትሪኩ ግን አየር ስለማይስብ ምንም አይጎድልበትም። ቁልቁለትም ሲወርድ ሞተሩ ኃይሉን ወደ ባትሪው ስለሚመልስ የፍሬን ሸራው ረዥም ዕድሜ ያገኛል። ነገር ግን ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ በእንጦጦ ግርጌ የሚኖር ሰው በየማለዳው እስከ አፉ ሞልቶ ባይወርድ ይሻለዋል። ወደ አዳማ ለሚሄድም እንዲሁ ማስጠንቀቂያ አለ። ሲሄድ ቁልቁለት ስለ ሆነ በሜዳ ከሚፈጀው ያነሰ ኃይል ፈጅቶ ይደርሳል፤ ሲመለስ ግን ሁለት ቶን የሚመዝነውን መኪና 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ማውጣት ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ይኸውም በሜዳ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ኃይል ነው። በሄደበት ሒሳብ የሚመለስ መስሎት ዕቃ የጫነ ሰው በመንገድ ላይ ይጨነቃል።

አሠሪዬን ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኛቸው መኪናው ራሱ ኃይል የሚሰጥ መሆኑ ነው። ከቢዋይዲና ከሌሎችም ኩባንያዎች ሥሪት አንዳንዶቹ በማገናኛ ሽቦ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ዋት ስለሚያወጡ፤ መብራት በጠፋ ቀን የሱቅ ማቀዝቀዣና የሒሳብ ኮምፒዩተር ማሠራት ይቻላል። ጀነሬተር ለሚያስጮህ ጎረቤትም ዕረፍት ነው። ሁሉም ይህን አያደርጉምና፤ በዓይን ታይቶ፤ መብራት ሰክቶ ተሞክሮ ይገዛ።

ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለ ተነጠፈ የኋላው መቀመጫ ወለል ሜዳ ነው፤ ሦስት ሰው ያለ ችግር ይቀመጣል፤ መቀመጫው ሲታጠፍም ጣቃና ካርቶን ይደረደራል። ያው ባትሪ ግን በጉብታና በኮረት ላይ የሚጎዳው ውድ ዕቃ ነው። ከመሬት ያለው ከፍታ ሰው ተሳፍሮበት፤ ዕቃ ተጭኖበት ይለካ እንጂ ባዶውን አይለካ። ብዙዎቹ ስኮርታ እንደሌላቸውም ልብ ይሏል። በምትኩ የሚሰጠው ማሸጊያ ፈሳሽና መንፊያ የጎኑ ለተቀደደ ጎማ አይረዳም።

ስለ መስታወት ሰሌዳው ብዙ አልልም፤ ቋንቋው ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚለወጥ መሆኑን በፊታችን እንዲያሳዩን መጠየቅ ይበቃል። የሚነካ ሁሉ ደግሞ የሚመች አይደለም። በመጀመሪያዎቹ የፎልክስዋገን አይዲ ፎር ሥሪቶች የድምፅና የሙቀት መቆጣጠሪያው በሌሊት የማይበራ ስለ ነበር ብዙ ተጠቃሚ ተማርሮ፤ ኩባንያው በኋላ እንዲበራ አድርጎታል። ለእጅ የሚለይ ቁልፍ ያለው ይመረጥ።

በመጨረሻም ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ አትረሳ። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም እርሷ ከሞተች መኪናው አይነሣም፤ አንዳንዱም በሩ እንኳ አይከፈትም። ለዕቃ ግዥ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጓንጁ ወር የሚቆይ ነጋዴ፤ በእጅ የሚከፈተው ቁልፍ ወዴት እንዳለና ትንሿ ባትሪ በምን እንደምትቀሰቀስ በቤት ለሚቀረው ሰው አሳይቶ ይሂድ።