የእናት ጭንቀትና የሕፃኑ አንጀት

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሕፃን ሆዱን ቆርጦት ሲያለቅስ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠይቀው እናቲቱን ነው፤ «ምን በልተሽ ነው?» ይሏታል። በእርግዝናዋ ወራት ምን እንዳስጨነቃት የሚጠይቃት ግን እምብዛም አይገኝም።

በኔዘርላንድስ ካሮሊና ደ ዌርትና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ጠይቀዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናታቸው፣ ያለ ቀዶ ሕክምና የተወለዱ 56 ጤነኛ ሕፃናትን ሰገራ እስከ 110 ቀናቸው ድረስ እየደጋገሙ መርምረዋል። እናቶቹን ደግሞ ገና እርጉዝ ሳሉ ስለ ጭንቀታቸው ጠይቀው፣ ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ከምራቃቸው ለክተዋል። ሁለቱም ከፍ ባለባቸው እናቶች ልጆች አንጀት ውስጥ ላክቶባሲለስና ቢፊዶባክቴሪየም የተባሉት ባክቴሪያዎች አንሰው፣ እነ ኢሸሪሺያ ያሉበት ወገን በዝቶ ተገኘ። ይህ የባክቴሪያ ስብጥር ከሆድ ሕመምና ከአለርጂ ጋርም ተያይዞ ታይቷል።

ቢፊዶባክቴሪየም ቀላል ነገር አይደለም። ሕፃኑ ራሱ የማይፈጨውን የጡት ወተት ስኳር ሰባብሮ አሲድ ይሠራል፤ አሲዱም ጎጂ ተህዋስያንን ይከላከላል።

ጭንቀቱ እንዴት አንጀት ይደርሳል? አንዱ መንገድ የመውለጃው አካል ሳይሆን አይቀርም። በአይጦች ላይ በተደረገ ምርምር ውጥረት እዚያ የሚኖረውን ላክቶባሲለስ ቀንሷል፤ ሕፃን ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎቹ ከፊሉን የሚያገኘው በዚያ ሲያልፍ ነው።

56 ሕፃናት ጥቂት ናቸው፤ ተያይዞ መገኘትም መንስኤ መሆንን አያረጋግጥም። ስለዚህ ይህን ወሬ ይዞ እናትን የሚወቅስ ሰው ያናድደኛል፤ ወቀሳው ራሱ ሌላ ጭንቀት ነው። እኔ በክትትል ቀን የደም ግፊቷን ስለካ እንቅልፏን፣ የቤት ኪራዩን፣ ማን እንደሚያግዛት እጠይቃታለሁ። አብሯት የመጣ ባል ካለም ጥያቄውን ለእሱም አቀርብለታለሁ።