በልክ የሚሠራ ዘረመል

አባት ሳንባው ጠባሳ እየያዘ ትንፋሽ ያጥረዋል። የልጁ መቅኔ ደም ማምረት ያቅተዋል። አክስት ገና በለጋነቷ ትሸብታለች። ሦስቱም ወደየራሳቸው ሐኪም ይሄዳሉ፤ ሁለቱ የተለያየ የበሽታ ስም ይዘው ሲመለሱ፣ የአክስት ሽበት ከነጭራሹ እንደ በሽታ አይቆጠርም። ሥሩ ግን አንድ ሊሆን ይችላል፤ ቴርት የተባለ ዘረመል።

ሕዋስ በተከፋፈለ ቁጥር የክሮሞዞሞቹ ጫፍ በጥቂቱ ያጥራል። የነጠላ ዳር እንዳይተረተር ተገምዶ እንደሚቋጭ ሁሉ፣ ክሮሞዞምም ጫፉ ላይ ቴሎሜር አለው። ቴሎሜሩ እጅግ ሲያጥር ሕዋሱ መከፋፈሉን ያቆማል፤ አለዚያም ይሞታል። ስቴም ሴሎች ግን ዕድሜ ልካቸውን ደምን፣ ቆዳንና የአንጀትን ሽፋን ሲተኩ ይኖራሉ። ስለዚህ ያጠረውን የሚሞላላቸው ቴሎሜሬዝ የተባለ ኢንዛይም ያስፈልጋቸዋል። ካሮል ግራይደርና ኤልዛቤት ብላክበርን ይህን ኢንዛይም እ.ኤ.አ. በ1984 በኩሬ ውስጥ በሚኖር ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ላይ አገኙት፤ በ2009 ከጃክ ሾስታክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

የኢንዛይሙ ዋና ክፍል የሚሠራው በቴርት መመሪያ ነው። ከወላጆቻችን ከምንወርሳቸው ሁለት ቅጂዎች አንዱ ብቻ ቢበላሽ እንኳ ስቴም ሴሎች ያለጊዜያቸው ሊደክሙ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የመቅኔ ድክመት፣ በ2007 ደግሞ የሳንባ ጠባሳ ከዚህ ዘረመል ጋር መያያዛቸው ታወቀ። አጭሩ ቴሎሜር ራሱም ስለሚወረስ፣ በሽታው ልጆችን ከወላጆቻቸው ባነሰ ዕድሜ ሊይዝ ይችላል።

ታዲያ ቴሎሜሬዝን አብዝቶ ዕድሜን ማርዘም አይቻልም? እ.ኤ.አ. በ2013 ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር ላይ የታየው ነገር ያስጠነቅቃል። ቴርት መቼ እንደሚሠራ የሚወስነው ክፍል ተለውጦ፣ ዝም ማለት የነበረበት ዘረመል ነቅቶ ተገኘ። ከ10 ካንሰሮች በ9ኙ ገደማ ቴሎሜሬዝ ይሠራል፤ ዕጢው ያለገደብ የሚከፋፈለውም በእርሱ እየታገዘ ነው። ቴሎሜርን ያስረዝማል ተብሎ የሚሸጥ ክኒን ሁሉ በዚህ እውነት ሊመዘን ይገባል።

የዚህ ዘረመል ዕውቀት ዛሬውኑ ሕይወት ያድናል። መቅኔ የሚለግስ ወንድም ወይም እህት ጤነኛ ቢመስልም ያንኑ ጉድለት ተሸክሞ ሊሆን ስለሚችል፣ አስቀድሞ መመርመር አለበት። የአባት ትንፋሽ ማጠር፣ የአክስት ሽበትና የልጅ ደም ማነስ በአንድ የሕክምና ካርድ ላይ አብረው ሊጻፉ ይገባል። ሐኪም ስለ ቤተሰብ ሲጠይቅ የዘመዶቻችንን ሕመም ሳንደብቅ እንንገረው፤ የበሽታው ሥር የሚታየው ያን ጊዜ ነው።