የካሜራ ማንገቻ፦ መቼ ይታሰር፣ መቼ ይፈታ?

የትምህርት ቤታችን የፎቶግራፍ ክበብ ያለው ካሜራ አንድ ብቻ ነው። ወላጆች አዋጥተው የገዙት ካኖን 2000ዲ ሲሆን፣ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከምታዩአቸው ፎቶግራፎች አብዛኞቹ የተነሡት በእሱ ነው። እኔ ላለፉት ሁለት ዓመታት የካሜራው ኃላፊ ነበርኩ። ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ስለምጨርስ ለተረካቢዎቼ አስረክባለሁ። ከቁም ሣጥኑ ቁልፍና ከባትሪው ጋር አብሮ መረከብ ያለበት ነገር ስላለ ይህን ጽሑፍ ጻፍኩ፤ እሱም ስለ ማንገቻው የተማርኩት ነው። የተማርኩትም ካሜራውን ጥዬ ነው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በምረቃው ዕለት ነው። ማንገቻው ለቁመቴ ስለረዘመብኝ ተመራቂዎቹ ሊገቡ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር አሳጠርኩት። ጫፉ በዘለበቱ ሁለቱም ቀዳዳዎች ማለፍ ሲገባው እኔ ግን በአንዱ ብቻ አሳልፌ ተውኩት። አንገቴ ላይ ስለተንጠለጠለ የታሰረ መሰለኝ። ከመድረኩ ደረጃ ስወርድ ጫፉ ሾልኮ ወጣ፤ ካሜራውም በሌንሱ በኩል መሬት መታ። ሚሞሪ ካርዱ ስላልተጎዳ የምረቃው ፎቶ ተረፈ። ሌንሱ ግን ተሰበረ። ሌላ እስኪገዛ ድረስ፣ በሳምንቱ የነበረው የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች የዓመት መዝጊያ በዓል ያለ ካሜራ አለፈ።

ከዚያ በኋላ በተደረገው ስብሰባ አንዳንድ ወላጆች «ካሜራው ከእንግዲህ በመምህራን እጅ ብቻ ይሁን» አሉ። ሌሎች ደግሞ «ልጆቹ ካልያዙት ምን ሊማሩበት ነው?» ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ ካሜራው ከእኛ ጋር ቀረ፤ ነገር ግን ማንኛውም ተማሪ ከመረከቡ በፊት አያያዙን በተግባር እንዲያሳይ ተወሰነ። ከዚህ በታች ያለው ያ አያያዝ ነው። ቤታችሁ ካሜራ ያላችሁ ወላጆችም እንደምትጠቀሙበት ተስፋ አደርጋለሁ።

ማንገቻ ምን ይሠራል?

ማንገቻ ሦስት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ከእጅ ያመለጠ ካሜራ መሬት እንዳይደርስ ያግዳል። ሁለተኛ፣ ክብደቱን ከእጅ ወደ ትከሻ ያዛውራል፤ እናቶቻችን ልጅ በአንቀልባ አዝለው እጃቸውን ለሥራ ነፃ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፦ ፎቶው እንዳይደበዝዝ ይረዳል። በተለይ በካሜራው ጀርባ ባለው ስክሪን እያየን ስናነሣ፣ ማንገቻውን አንገታችን ላይ አድርገን ካሜራውን ወደ ፊት ገፋ ብናደርገው ገመዱ ይወጠራል። ያን ጊዜ ካሜራው ሦስት ጉልቻ ላይ እንደተጣደ ድስት በሁለት እጅና በአንገት ተይዞ ይረጋል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በእጅ ይዘን ስናነሣ ፍጥነቱ ከ1/50 ሰከንድ ባይዘገይ ይመከራል። ብርሃኑ ደካማ በሆነ አዳራሽ ውስጥ ግን ከዚያ ዝቅ ለማለት እንገደዳለን፤ የገመዱ መወጠር የሚጠቅመው ይኼኔ ነው።

አባቴ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ይጠቀምበት የነበረው የሶቪየት ሥሪት ዜኒት-ኢ አሁንም ቤታችን አለ። በጎኑ የማንገቻ ማሰሪያ ቀለበት የለውም፤ ማንገቻው የተያያዘው ከቆዳ ማሕደሩ ጋር ነው። ካሜራው ከማሕደሩ ወጥቶ ከሆነ ከእጅ በቀር የሚይዘው የለም። አባቴ ካሜራውን ከነማሕደሩ ይዞ ማንሣትን የለመደው በዚህ ምክንያት ነው። የዛሬዎቹ ካሜራዎች ቀለበታቸው በራሳቸው ላይ ስለሆነ እኛ ምርጫ አለን።

የትኛው ዓይነት ይሻላል?

ከአዲስ ካሜራ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው የአንገት ማንገቻ ነው። የእኛ ካሜራ ከነባትሪው 475 ግራም፣ ትንሹ ሌንስ ደግሞ 200 ግራም ያህል ይመዝናል። ይህን ለአንድ ሰዓት አንገት ላይ ማንጠልጠል አያስቸግርም። ለስፖርት ቀን ረጅሙን 75-300 ሌንስ ስንገጥምበት ግን ክብደቱ ወደ 1 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ቀኑን ሙሉ በአንገት ከተሸከሙት ማታ ሕመሙ ይሰማል።

ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ሲሆን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ጎን አሻግሮ ማንገት ይሻላል። ለዚህ ማንገቻው ረዘም ማለት አለበት። ርዝመቱ ልክ መሆኑን ለማወቅ፣ አሻግራችሁ አንግታችሁ ካሜራውን ወደ ዓይናችሁ አንሡ፤ ገመዱ ከጎተታችሁ አጥሯል። ሰፊ ማንገቻም ከቀጭኑ ይመረጣል፤ ያው ክብደት በሰፊ ቦታ ላይ ሲከፋፈል ትከሻን አይቆርጥም። ጎንበስ ስትሉ ግን ካሜራው ተወዛውዞ ወደ ፊት ስለሚመጣ ሁልጊዜ በአንድ እጅ ደገፍ አድርጉት።

ለትንንሽ ካሜራዎችና ለስልክ በእጅ አንጓ የሚታሰረው አጭር ገመድ ይበቃል። ጉድለቱ፣ እጃችሁን ለሌላ ነገር ስትፈልጉት ካሜራው ተንጠልጥሎ ከግድግዳና ከወንበር ጋር መጋጨቱ ነው።

በካሜራው ሥር ባለው የመቆሚያ ቀዳዳ በብሎን የሚገባ ማንገቻም አለ። ምቹ ነው፤ ነገር ግን ብሎኑ በእንቅስቃሴ ብዛት ሊላላ ስለሚችል በየጊዜው በእጅ መፈተሽ አለበት። 1.5 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝኑ ትልልቅ ሌንሶች የራሳቸው የመቆሚያ እግር አላቸው፤ እነሱ ሲገጠሙ ማንገቻው ከሌንሱ እግር ጋር ይያያዛል እንጂ ክብደቱ በካሜራው አፍ ላይ አይጣልም።

እንዴት ይታሰራል?

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

1. ካሜራውን አልጋ ወይም ፍራሽ ላይ አድርጉ። ስትቸኩሉ ወይም ቆማችሁ አትሰሩ።
2. የማንገቻውን ጫፍ ከዘለበቱና ከትንሿ የፕላስቲክ ቀለበት አውጡ። ከዚያ ጫፉን በካሜራው ጎን ባለው ማሰሪያ አሳልፋችሁ ወደ ራሱ መልሱት።
3. የተመለሰውን ጫፍ መጀመሪያ በትንሿ ቀለበት፣ ቀጥሎ በዘለበቱ በአንዱ ቀዳዳ አስገብታችሁ በሌላው አውጡ። ጫፉ ቀድሞ ዘለበቱ ውስጥ ካለው ገመድ ሥር ገብቶ መጨናነቅ አለበት። የሚይዘው ይህ መጨናነቅ ነው።
4. ከዘለበቱ ያለፈው ጫፍ ከ5 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ አድርጉ።
5. ሁለቱንም ጎን ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡ። ገመዱ ከተንቀሳቀሰ ፍቱና እንደገና ጀምሩ።

ካሜራውን የሚረከብ ሁሉ፣ ቀድሞ የያዘውን ሰው ቢያምነውም፣ አምስተኛውን ተራ ይደግመዋል።

መቼ ይፈታል?

ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሲቆም ማንገቻው ሥራ የለውም፤ እንዲያውም ይጎዳል። የደመራ ምሽት እሳቱን ለብዙ ሰከንድ ከፍተን ስናነሣ፣ ነፋስ ማንገቻውን እንደ ባንዲራ ያርገበግበዋል፤ ካሜራውም ይነቃነቃል። በአጠገቡ የሚያልፍ ሰው እጅም ሊጠልፈው ይችላል። በዚህ ጊዜ ይፈታ፤ ካልሆነም ተጠቅልሎ ይታሰር።

ካሜራው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ማንገቻው አብሮ ከላይ ይሰብሰብ። ወደ ታች ከተንጠለጠለ ታናናሾቻችን መጎተታቸው አይቀርም።

ሕፃናት በሚንሸራተቱበትና በሚንጠላጠሉበት መጫወቻ ላይ፣ እንዲሁም በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ፣ በአንገት ላይ ምንም ዓይነት ገመድ አይኑር። ለትንሽ ልጅ ካሜራ የምትሰጡ ወላጆች፣ ማንገቻው ሲጎተት በራሱ የሚለቀቅ ዓይነት ይሁን፤ ከሌለ ያለ ማንገቻ፣ ተቀምጦ ያንሣ።

በመንገድ ላይ

እዚህ ናይሮቢ ብዙዎቻችን ወደ ትምህርት ቤት የምንመጣው በማታቱ ነው። ማንገቻ ካሜራን ከመውደቅ ያድናል እንጂ ከሌባ አያድንም። በሞተር ሳይክል የሚያልፍ ሰው በአንገት ላይ ያለ ካሜራ ቢጎትት ባለቤቱንም አብሮ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ በመንገድና በመኪና ውስጥ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ ቦርሳውም ከመስኮት ይራቅ። በደማቅ ፊደል የካሜራው ስም የተጻፈበት ማንገቻም ከሩቅ ይታያል፤ ዘንድሮ እኛ ምንም ያልተጻፈበት ጥቁር ማንገቻ ገዝተናል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሰው ከጎተተ ግን ልቀቁት። የክበባችን መምህር በዚያ ስብሰባ ላይ «ካሜራ ይገዛል፤ አንገት አይገዛም» ብለዋል። ማንም ተማሪ በካሜራው ምክንያት ራሱን አደጋ ላይ እንዲጥል ትምህርት ቤቱ አይፈልግም።

ለተረካቢዎቼ

ካሜራውን ከጣልኩ በኋላ ለብዙ ሳምንታት አልነካውም ብዬ ነበር። የጋራ ዕቃ አደራ ነው፤ የሰበረ ሰው ደግሞ እጁ ይፈራል። የመለሰኝ የማንገቻው ጉዳይ ነው፦ ስሕተቴ የት ላይ እንደነበረ ሳውቅ ፍርሃቴ ቀነሰ። እናንተም ልትሳሳቱ ትችላላችሁ። ሲያጋጥማችሁ አትደብቁት፤ ምን እንደሆነ ለቀጣዩ ተረካቢ ንገሩት።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያሉትን የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ፎቶዎች ያነሣችው አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ካሜራውን ስሰጣት «አስሬዋለሁ» አልኳት። እሷ ግን መልስ ሳትሰጠኝ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ካሜራውን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለቱንም ጎን ሳበች፤ ከዚያ ተነሥታ ወደ ልጆቹ ሄደች።