ዝናብ የሚሰጠው ማን ነው? ፍጥረትን አይቶ ፈጣሪን ስለ ማወቅ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ እየደረሰኝ ነው፦ «እናንተ ክርስቲያኖች ፍጥረትን አይተን እግዚአብሔርን እናውቃለን ትላላችሁ። የቱን አይታችሁ ነው? ዝናቡንም ዘሩንም ሳይንስ አስረድቶ ጨርሶታል እኮ!» ጥያቄው ቁም ነገር ስላለው ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

መጀመሪያ ማስረጃ ያልሆነውን እናውጣ። ደመና ላይ የመልአክ ቅርጽ ታየ፣ የተፈለጠ ግንድ ውስጥ መስቀል ተገኘ የሚሉ ፎቶዎች በየግሩፑ ይዞራሉ። እምነታችን በእነዚህ ላይ አልቆመም፤ ግማሾቹም በኮምፒውተር የተቀነባበሩ ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስ በልስጥራን ጣዖት ለሚያመልኩ ሰዎች ሲናገር (ሐዋ. 14) እግዚአብሔር ራሱን ያለ ምስክር እንዳልተወ ለማስረዳት የጠራው ማንኛውም ገበሬ የሚያውቀውን ነው፤ ዝናቡን፣ ወራቱን፣ እህሉን። ብርቁን ትቶ የለመድነውን ጠራ። የእኔም መልስ ከዚህ ይነሣል፤ ማስረጃው ያለው ባልገባን ነገር ውስጥ ሳይሆን እየገባን በመጣው ሥርዓት ውስጥ ነው።

ዝናቡን እንውሰድ። ክረምት ሲቃረብ የፀሐይ ኃይል ወደ ሰሜን ያዘነብላል። ነፋሱም ከሕንድና ከአትላንቲክ ውቅያኖሶች፣ ከኮንጎ ደኖችም የተነሣውን እርጥበት ተሸክሞ ይመጣል። ያ አየር ከጎጃም ደጋ ጋር ሲገናኝ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ላይ ይወርዳል። ይህን ማወቅ ደስ ይላል እንጂ እምነት አያሳጣም። የአየር ትንበያ ባለሙያው መተንበይ የሚችለው ተፈጥሮ ትናንት የጠበቀችውን ሕግ ነገም ትጠብቃለች ብሎ ስለሚተማመን ነው። እኔ የምጠይቀው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ዓለም ለምን ሕግ ኖረው? ለምንስ የሰው አእምሮ ሊመረምረው የሚችል ሆነ?

አሁን ደግሞ ወደ ማሳው እንግባ። ቡሬና ጃቢ ጠህናን የበቆሎ አገር ናቸው። እሸት ስትልጡ የምትጥሉት ጸጉር እያንዳንዱ ዘለላ ከአንዲት ፍሬ ጋር የተያያዘ ነው። ከተክሉ አናት የሚበንነው ዱቄት በዚያ ጸጉር ላይ ካላረፈ ያቺ ፍሬ አትሞላም። አንዳንዱ እሸት እዚህም እዚያም ጥርሱ የወለቀ የሚመስለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ረድፉንም ቁጠሩት፤ 12፣ 14 ወይም 16 ይሆናል እንጂ 13 ማግኘት ይቸግራችኋል። ምክንያቱም ይታወቃል፦ ፍሬ የሚሆኑት እንቡጦች ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚወጡት።

ጠያቂዬ እዚህ ላይ «በቆሎን እኮ ሰው ነው ያላመደው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። እውነት ነው። ከ9,000 ዓመት ግድም በፊት በሜክሲኮ የነበሩ ገበሬዎች ከዱር ሣር እየመረጡ ለዚህ አድርሰውታል። ሆኖም ገበሬ ካለው ውስጥ ይመርጣል እንጂ ዘር ራሱን የሚተካበትን ኃይል አልሠራም። የሰው እጅ ስላለበት የእግዚአብሔር እጅ የለበትም ማለት አይቻልም።

ይህን በደንብ ያስተማረኝ ቁራ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አከፋፈል ነሐሴ ውስጥ «ዕጓለ ቋዓት» የሚባል ጊዜ አለ፤ የቁራ ጫጩቶች የሚታሰቡበት። መዝሙረ ዳዊትም መጽሐፈ ኢዮብም እግዚአብሔር የቁራን ጫጩቶች እንደሚመግብ ይናገራሉ። ሊቃውንቱ ሲያብራሩ ጫጩቱ ላባ ሳያወጣ እናቱ ትታው ትሄዳለች፣ እግዚአብሔር ግን ትንኝ ወደ አፉ እየላከ ያሳድገዋል ይላሉ። ወፍ የሚያጠኑ ሰዎች ደግሞ ቁራ ጫጩቷን እንደማትጥልና በአፏ እየመገበች እንደምታሳድግ አይተዋል። ታዲያ መዝሙሩ ውሸት ሆነ? አልሆነም። የሚለው እግዚአብሔር ይመግባል ነው፤ በእናቲቱ አፍ ቢመግብ ምን ይጎድልበታል? ያለ ምክንያት የሚሠራውን ብቻ የእግዚአብሔር ነው የምንል ከሆነ ሳይንስ አንድ ነገር ባወቀ ቁጥር እምነታችን አንድ እርምጃ ያፈገፍጋል።

ይህን ጠንቅቆ የተረዳው ቤልጅጋዊው ካህን ጆርጅ ለሜትር ነበር። ጠፈር እየሰፋ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1927 በስሌት ያሳየ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ቄስ ሆኖ ሳለ ግኝቱ የሃይማኖት ማረጋገጫ ሆኖ እንዲቀርብ አልፈለገም።

የእኛ ገበሬ ይህን ነገር ሳይማር በኑሮው ያውቀዋል። የቆጋ ወንዝ መርዓዊ አጠገብ ተገድቦ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ ነው የተሠራው። በበጋ ስንዴ የሚያበቅለው ሰው ግድቡን የሠራው መሐንዲስ እንደሆነ አልጠፋውም፤ ዳቦውን ሲቆርስ ግን «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ሁለቱ አልተጋጩበትም። ቆጋ የሚገባበት ግልገል ዓባይ ደግሞ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ይነሣል። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 የወንዙን መነሻ ፍለጋ እዚያ ደርሰዋል። የአገሩ ሰው ዘንድ ግን ቦታው ጸበል የሚጠመቁበት፣ በአቡነ ዘርዐ ብሩክ ስም የሚማጸኑበት ነው። ምንጩ አንድ ነው፤ አንዱ «ከየት ይነሣል?» አለ፣ ሌላው «ማን ሰጠን?» አለ። ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ይገባቸዋል።

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ያን ረድፉ ያማረ በቆሎ በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ይበላዋል። ደርሶ የነበረ በርበሬ በአንድ ከሰዓት በረዶ ይረግፋል። ይህም ፍጥረት ነው። ስለዚህ ተፈጥሮን ብቻ አይቶ «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም። ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ በሮሜ 1 ከፍጥረት የሚታወቀው የእግዚአብሔር ኃይልና አምላክነት እንደሆነ ጽፎ፣ በምዕራፍ 8 ፍጥረት በመቃተት ላይ እንዳለ ይናገራል። ፍቅሩን የምናውቀው ከመስቀሉ ነው። ፍጥረት ምስክር ነው እንጂ ወንጌሉን ሁሉ አይነግረንም። ለጠያቂዬ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው።

ለምናምነው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ምስክር ከተባለ ምስክሩ መጠበቅ አለበት። በሰሜኑ አገራችን ከጥንቱ ደን የተረፈው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው ነው። ብዙዎቻችሁ በ«እመጓ» መጽሐፉ የምታውቁት የደን ተመራማሪ ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች በደቡብ ጎንደር አጥንቷል፤ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜግ ሎውማን ጋርም ከብት እንዳይገባባቸው በድንጋይ አጥር እንዲከበሩ ሠርቷል። በየደብራችን ግን ዛሬ ወይራውና ጽዱ እየሳሳ ቦታውን ባሕር ዛፍ እየያዘው ነው። የሰበካ ጉባኤ አባላት የሆናችሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን አጀንዳ አድርጋችሁ ያዙት። አገር በቀሉ ዛፍ አይቆረጥ፤ በወደቀው ምትክ ይተከል፤ ከብት እንዳይገባም ይታጠር። ፍጥረት ስለ እግዚአብሔር ይመሰክራል እያልን የምንሰብክ ሰዎች ምስክሩን በመጥረቢያ ዝም ማሰኘት የለብንም።